የቁጥር አሥራ አንድ ግድግዳ

ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ወይስ አሥራ ዘጠኝ? ቅዳሜ መሆኑ እንኳ አያጠራጥርም፤ በጎ ፈቃደኞቹ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ወደ አሮጌው መንገድ የሚወጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበርና። ቀኑን ግን ሁሉን ነገር በመጻፍ የምትታወቀው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ዛሬ ብትጠየቅ ትወላውላለች። በሌላው ቅዳሜ ሁሉ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንዳለቀ፣ ማን ከመሰላል ወድቆ ማን እንደሳቀበት ጽፋለች። የዚያን ቅዳሜ ገጽ ግን ባዶ ነው።

የማያጠራጥረው ሌላው ነው። ለዓመታት ማንም አልገባበትም፣ ማንም አልወጣበትም የተባለው የቁጥር አሥራ አንድ በር፣ ሊያፈርሰው የመጣው ማሽን ከፊቱ ቆሞ እያጓራ፣ መቀርቀሪያው ተንሸራተተና ተከፈተ። ከውስጥ። ስልሳ የሚሆን ሰው እዚያ ቆሞ ነበር። በለቅሶ ቤት እንኳ አፉ የማይዘጋው ጫማ ሰፊ፣ የያዘውን ባልዲ በገዛ እግሩ ላይ ለቀቀው።

ነገሩን ለማያውቅ ከመንገዱ መጀመር ይሻላል።

አሮጌው መንገድ ከአደባባዩ ተነሥቶ እስከ ድልድዩ የሚወርድ አንድ ረድፍ ነው፤ አሥራ ሰባት ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው፣ የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ሆኖ የተሠሩበት። ድሮ ልብስ የሚያሰፋውም፣ መነጽር የሚያስጠግነውም፣ ፎቶ የሚነሣውም የሚመጣው እዚህ ነበር። አውቶቡስ ጣቢያው ወደ ድልድዩ ማዶ ሲዛወር ገበያተኛው ተከትሎት ተሻገረ፤ ሱቆቹም እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ በአንድ ጎደሉ። በመጨረሻ የቀሩት ጫማ ሰፊውና እርግቦቹ ብቻ ነበሩ።

"እርግቦቹስ መሄጃ አጥተው ነው፤ አንተ ምን ትሠራለህ?" ሲሉት፣ "እነሱን ጥዬ የት ልሂድ?" ይላል ጫማ ሰፊው።

ቁጥር አሥራ ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ እናት የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ልጅቱ ያደገችው በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ የእናቷን እግር ፔዳሉ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች፣ የወደቀ ክር እየለቀመች። ከግድግዳው ማዶ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ሰዓት ሠሪው ነበር። እናቷ ሰዓት ማወቅ ሲያምራት ግድግዳውን በመቀስ እጀታ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ከማዶ "ዘጠኝ ከሩብ፣ እመቤቴ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። እናትየዋ ካረፈች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅቱም አምሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ሆኖም ሰዓት ሲጠፋባት ዛሬም ጣቷ ሳታስበው በአቅራቢያዋ ያለውን ግድግዳ ይፈልጋል።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ረድፉን አፍርሶ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው ሲባል ስትሰማ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞራ፣ ደጅ ጠንታ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል ይዛ ተመለሰች።

"ስድስት ወር ሰጥተናችኋል" ነበር ያላት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ እየከተተ። "አሥራ ሰባቱንም ከፍታችሁ አድሱ፤ ሠርቶ የሚያድርበት ሰውም ፈልጉለት። ያን ካደረጋችሁ ይቆማል። ግን ልብ በይ፤ ግድግዳው የጋራ ነው። አንድ የታመመ ቤት ቢገኝ ግራና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው።"

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አምስት ሰው ለምና ይዛ ስትደርስ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መንገዱን እኩሌታ ድረስ ጠርገውት አገኘቻቸው።

"ተባረኩ ጋሼ! ማን ነገረዎት?"

"ጆሮ ያለው ይሰማል" አሉ፣ መጥረጊያውን ሳያቆሙ።

ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው የለም። ደግሞ ማን ይጠይቃል? ጋሽ ውሃልክን የማያውቅ የለ። አርባ ዓመት ሙሉ ግንበኛ ነበሩ፤ ከድልድዩ ማዶ ካሉት ቤቶች እኩሌታው በእጃቸው ያለፈ ነው። ውሃልክ፣ የግንበኛው መለኪያ፣ የሚለው ስምም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ባለጸጋ የአጥር ግንብ ሠርተው ጨርሰው፣ ባለቤቱም መርቆ ተቀብሏቸው፣ እሳቸው በማግሥቱ ተመልሰው መጥተው በመዶሻ ማፍረስ ጀመሩ አሉ። ሰውየው በፒጃማው ሮጦ ወጥቶ "ምነው ምን አደረግሁዎት?" ቢላቸው፣ "ጣት ታህል ዘሟል" አሉት። "ኧረ ማንም አያየውም!" ቢል፣ "እኔ አይቼዋለሁ" ብለው ማፍረሱን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ስለ ግድግዳ ነገር ጋሽ ውሃልክ የተናገሩት ይግባኝ የለውም።

በጎ ፈቃደኞቹን ሥራ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። አሸዋና ሲሚንቶ እንዴት እንደሚመጠን፣ ልስን ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚሳብ፣ ቱምቢ፣ ያ በክር የሚንጠለጠል ብረት፣ እንዴት ተይዞ የግድግዳ ቀጥታ እንደሚታይ። ሲያስተምሩ ታዲያ ምላሳቸው ልጓም አልነበረውም።

"ፀጉር መሰለሽ እንዴ?" ይሏታል ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ የሆነችውን ፀጉር ሠሪ። "አታበጥሪው፤ ጫን በዪው!"

"ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ለምዶብኝ ነው።"

"አንተ ደግሞ" ይሉታል ጫማ ሰፊውን፣ "በምላስህ ብትለስነው ኖሮ እስካሁን ሦስት ቤት ጨርሰን ነበር።"

አምስቱ ሰው አሥር፣ አሥሩ ሠላሳ ሆነ። የጡረታ ሰዎች፣ አስተማሪዎች፣ ባልና ሚስት፣ ተጣልተው የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጡ፤ በአንድ መሰላል ላይና ታች ሆነው ቀለም ሲቀባበሉ ታረቁ። የሚከፈተውን ሱቅ ተራ በዕጣ ነበር የሚያወጡት፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት በጫማ ሰፊው ባርኔጣ ውስጥ ይታሻል፣ ከዚያ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። በሁለተኛው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ቁጥር ወጣ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ያን ቀን በእናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ልስን ስትስብ መሃል ላይ ቆመች። ጋሽ ውሃልክ ከኋላዋ መጥተው እጇን ከነማለስለሻው ያዙና እስከ ላይ አብረዋት ሳቡት።

ቤቱን ፀጉር ሠሪዋ ልትሠራበት ያዘችው። ሰው ሁሉ ሲመጣ ጋሽ ውሃልክ ቀድመው ተገኝተዋል፤ ሁሉ ሲሄድ እሳቸው መጥረጊያ እያጠቡ ይቀራሉ።

"እኝህ ሰውዬ ግን ቤት የላቸውም እንዴ?" አለች አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ፣ ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ውሃልክም ሳቁ።

ቤታቸው ከዳገቱ በላይ፣ ከልጃቸው ጋር እንደሆነ ተናግረው ነበር። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ግን አድራሻ የሚለውን ቦታ አልሞሉትም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አይታዋለች፤ ረስተውት ይሆናል ብላ አለፈችው። ሁለት ጊዜም ስለ ራሳቸው እንዲነግሯት፣ ለበጎ ፈቃደኞቹ መዝገብ አጭር የሕይወት ታሪካቸውን እንድትጽፍ ጠይቃቸዋለች። "የእኔን ኋላ ትጽፊዋለሽ፤ መጀመሪያ የሚሠራውን እንሥራ" ብለው መለሷት። የምታውቀው ጥቂት ነው። ሚስታቸው ረጅም ጊዜ ታማ አርፋለች፤ ቤታቸውን ያኔ ሸጠውታል። እህል ሲቀምሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይኸው ነው።

በሦስተኛው ወር ቁጥር አሥራ አንድ በዕጣ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ ከሚኖርበት ሩቅ አገር "ክፈቱት፤ አድሳችሁ ለሚሠራበት ሰው ስጡልኝ" ብሎ ጽፎ ነበር። የፊት በሩ ከውስጥ የተቀረቀረ፣ የኋላውም የተቆለፈ ስለሆነ ጫማ ሰፊው ከመፈልቀቂያ ብረት ጋር ትግል ሊገጥም ሲዘጋጅ፣ ጋሽ ውሃልክ "ቆይ" አሉ። ከከረጢታቸው ቱምቢውን አወጡ። ክሩን ከጣሪያው ሥር ይዘው ብረቱን ወደ ታች ለቀቁት። ብረቱ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። እሳቸውም ብዙ ጊዜ ቆዩ።

"ግድግዳው ሆድ አውጥቷል" አሉ። "በሩ ቢነካ ይወርዳል። ለመጨረሻ ይቆይ።"

በኖራ ድንጋይም በሩ ላይ ትልቅ የመስቀል ምልክት አደረጉበት። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ወረቀቱ ለብቻው ተቀመጠ፣ ሌላ ወጣ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ግን ከጎናቸው ቆማ ክሩን አይታው ነበር። ክሩ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ከግድግዳው እኩል ነበር የራቀው። በዓይኗ በብሌኗ አየችው። እሳቸው ራሳቸው "እኩል ከራቀ ደህና ነው" ብለው አስተምረዋታል። ግን እሳቸው ሆድ አውጥቷል አሉ፤ እሷ ማን ናት? መጽሐፍ የምትደረድር ሴት። የእኔ ዓይን ምን ያውቃል ብላ መዝገቧን ከፈተችና "ቁጥር አሥራ አንድ፦ ግድግዳው አደገኛ ስለሆነ ለመጨረሻ ተላልፏል" ብላ ጻፈች። ለማዘጋጃ ቤቱ በየወሩ በምትልከው ሪፖርትም ያንኑ ገለበጠችው። አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። ከዚያ የተላከውን ረሳችው።

አሥራ ስድስቱ ቤቶች አለቁ። ፀጉር ሠሪዋ ትልቁን መስተዋቷን አምጥታ በቁጥር አሥራ ሁለት ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ያ ሁሉ ሆኖ፣ ስድስት ወሩ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት በቁጥር አሥራ አንድ በር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ቤቱ በባለሙያ አደገኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ግድግዳ ከሚጋሩት ከቁጥር አሥርና ከቁጥር አሥራ ሁለት ጋር ቅዳሜ ጠዋት ይፈርሳል ይላል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ እያለከለከች ነው ማዘጋጃ ቤት የገባችው።

"የትኛው ባለሙያ ነው ያረጋገጠው?"

ሰውየው ፋይል ገለጠና የራሷን ሪፖርት፣ የራሷን የእጅ ጽሕፈት፣ ወደ እሷ አዞረላት። "የእናንተው ግንበኛ። ያንቺው ቃል። እኛ ምን አልን?"

"እናንተ አላያችሁትም?"

"ጋሽ ውሃልክ ያዩትን እኛ ደግመን ምን ልናይ ነው?" አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። "የእኔን አባት ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው እኮ።"

እሳቸው መጥተው ደግመው እንዲያዩት፣ በድጋፍም ቢሆን የሚተርፍበት መንገድ ካለ እንዲናገሩ ለመለመን፣ ዳገቱን ወጣች። በየደጁ ጠየቀች። አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴት ጣቷን ወደ አንድ የተዘጋ ግቢ ቀሰረች።

"ልጃቸው እዚያ ነበረች። ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ግን ሰባት ዓመት አለፋት። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ እዚህ አልታዩም።"

"ታዲያ የት ነው የሚያድሩት?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አለች ሴትየዋ፣ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አውጥታ። "ከእናንተ ጋር አይደል የሚውሉት?"

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ አልተጠረገም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሰው ሁሉ በቅድሚያ ያስተዋለው ማሽኑን ሳይሆን መሬት ላይ ያለውን ቅጠል ነበር። ፀጉር ሠሪዋና ባሏ መስተዋቱን አውልቀው ጎዳናው ላይ አቁመውታል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ማሽኑ ክንዱን አጥፎ ሲጠብቅ ይታያል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይንቆራጠጣል።

"አዬ ጋሽ ውሃልክ!" አለ ጫማ ሰፊው። "ስንለስን ከሰው ቀድመው ይመጡ ነበር፤ ዛሬ ሲፈርስ ጠፉ። እሳቸውም ልክ የላቸውም ለካ!"

"ዝም በል አንተ" አለችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ። ዓይኗ የእናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። እሷ በጻፈችው አንድ መስመር ሊፈርስ ነው።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። የማሽኑ ክንድ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ነው መቀርቀሪያው የተንሸራተተው።

ጋሽ ውሃልክ ወጡ። ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ጫማቸውን ቀብተዋል፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋው። መዳፋቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉና፦

"አጥፋው ልጄ" አሉ።

ሹፌሩ ለምን እንደታዘዘ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ አጠፋው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ከድንጋጤው የተነሣ ስለ ግድግዳው መጠየቅ ረሳ። "ከየት ነው የወጡት?"

"ከቤቴ።"

ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ድንገት በሌላ ሰው ድምፅ ሲናገር እንደመስማት ነበር።

"ስምንት ዓመቴ ነው እዚህ" አሉ። "ሰዓት ሠሪው ነፍሱን ይማርና፣ ጣሪያው እንዳያፈስ እያየህ ጠብቅልኝ ብሎ የኋላ በሩን ቁልፍ ሰጥቶኝ ነበር። መጀመሪያ ለማየት ነበር የምመጣው። በኋላ ማደሪያ ሲጠፋ ቀረሁበት። እናንተ በመጀመሪያ ቀን ስትመጡ እዚህ ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፃችሁ ነው የቀሰቀሰኝ። በኋላው በር ወጥቼ መጥረጊያ ያዝኩ። መጥረጊያ የያዘን ሰው ከየት መጣህ የሚለው የለም።"

"ጋሼ..." አለች ፀጉር ሠሪዋ። "እኔ እኮ ያን ቀን... ቀልዴን ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ። አልሳቅሁም እንዴ?" ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ዞሩ። "ግድግዳው ምንም የለበትም። አደገኛ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። እንዳይከፈትብኝ ነው። ግራ ቀኙን ይዞ ይፈርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።"

"ያኔ አደገኛ አሉ፣ ዛሬ ደህና ነው ይላሉ። የቱን ልመን?"

"ሰውየውን አትመን። ግድግዳውን እይ።"

ገቡ። የቻለ ሁሉ ከኋላቸው ተጋፍቶ ገባ፤ ያልቻለ በበሩ አንገቱን አሰገገ። ጠባብ አልጋ፣ ብርድ ልብሱ ያለ አንድ ሽብሽብ የተነጠፈ። ጥላሸት የያዘ ማንቆርቆሪያ። በሚስማር ላይ አንድ ሸሚዝ። የሰዓት ሠሪው መደርደሪያ እንዳለ ነው፤ ሰዓቶቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። የግንብ ዕቃዎቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ በቁመት በቁመታቸው ተደርድረዋል። ግድግዳው ደግሞ! በአሥራ ስድስቱ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ልስን አልነበረም። እጅ ሲያስኬዱበት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ያንሸራትታል። ጫማ ሰፊው በመዳፉ ዳሰሰው፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጋሽ ውሃልክ ቱምቢውን አወረዱ፤ በውስጥም፣ በውጭም። ብረቱ ተወዛውዞ ቆመ።

"አንቺ እዪው" አሉ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ። "አስተምሬሻለሁ። ያየሽውን ተናገሪ።"

አጎንብሳ አየች። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች።

"እኩል ነው" አለች። በዚያ ማቆም ትችል ነበር። ግን ያላሰበችው ቃል አመለጣት። "ያኔም እኩል ነበር። አይቼዋለሁ።"

ሰዉ ከሽማግሌው ዓይኑን ነቅሎ ወደ እሷ ዞረ።

"አይተሽ?" አሉ ጋሽ ውሃልክ።

"አይቼ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ከዓይኔ ይልቅ እርስዎን ስላመንኩ ነዋ ጋሼ።"

በሩ ሲከፈት፣ ስልሳ ሰው ሲያፈጥባቸው፣ አልጋቸው ለአገር ሁሉ ሲታይ ያልተለወጠው የጋሽ ውሃልክ ፊት በዚህ ጊዜ ተለወጠ። ክሩን በጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉ፤ ጠቅልለው ሲጨርሱ ፈቱና እንደገና ጠቀለሉት።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው የራሱን መዳፍ በግድግዳው ላይ አስኬደ። ከዚያ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ "በድጋሚ ታይቶ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈበት፤ ፈረመ። "ቁጥር አሥራ አንድም እስከ ሳምንት የሚሠራበት ሰው ይግባበት" አለ፣ ማንንም ሳያይ። "ደንቡ እሱ ነው። ምን ላድርግ?" ማሽኑ ወደ ኋላ እያፏጨ ሄደ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ይህ እንዲህ በችኮላ አይሆንም፣ ተቀምጠን እንምከርበት ተባለ፤ ስድስት ወር ሙሉ ነገር ሁሉ በስብሰባ ያለቀላቸው ሰዎች ናቸው። ወደ ቁጥር አሥራ ሁለት ገቡና ወንበር ዘረጉ። "የጋሽ ውሃልክ ጉዳይ" የሚል አጀንዳ ተያዘ። አንዱ በየሳምንቱ በየተራ ቤታችን እናሳድራቸው አለ፤ ሌላው እንደ ዕቃ ልናዟዙራቸው ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ፀጉር ሠሪዋ ቁጥር አሥራ አንድን የግንበኝነት ማስተማሪያ እናድርገውና እሳቸው ይያዙት አለች፤ ይህ ሐሳብ ጭብጨባ አገኘ። ጫማ ሰፊው ግን "ማስተማሪያ ከሆነ ማደሪያ ይሆናል ወይ? ደንቡን እንጠይቅ" አለ፤ ክርክሩ ከዚያ ወደ ደንቡ ሄደ። በድምፅ ብልጫ ይወሰን የሚል እጅ ተነሣ። እሳቸው ራሳቸው ይጠሩና ይጠየቁ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

"እትዬ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ ያዢ እንጂ!" አላት አንዱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ በመዝገቧ በወጣላት ስም።

ብዕሯን አነሣች። ገጹን አየችው። ነጭ ነው። ዓይኗን ወደ መስኮቱ ስታቀና፣ ጋሽ ውሃልክ የዕቃ ከረጢታቸውን በትከሻቸው፣ ትንሽ ሻንጣ በእጃቸው ይዘው፣ በማዶው የእግረኛ መንገድ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ አየች። አይቸኩሉም። ጠዋት ሥራ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነበር።

ወንበሩን ገፍታ ወጣች። "ኧረ የት ነው?" የሚል ድምፅ ተከተላት፤ አልመለሰችም። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ከረጢቱ ከከተማ በሚወጣ አንድ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ እሳቸው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ኮታቸውን እንደቆለፉ ወደ ፊት ይመለከታሉ።

"ጋሼ!"

ዞር ብለው አዩዋት። ከግድግዳው አጠገብ ያየችው ፊት ነው፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ያሉ መሰላት። መስኮቱ ዝግ ነበር። በመዳፏ መታችው። ዛሬ የት ሊያድሩ ነው? ለልጅዎ ነግረዋታል? ቁልፉን የት አደረጉት? ስምዎትስ፣ እናትዎ ያወጡልዎት ስምዎት፣ ማን ነው? ሁሉም በአንድ ላይ መጣባት። የቱን እንደምታስቀድም ሳትወስን ሚኒባሱ ተነሣ።